የመጠጥ ውሃ በሠራተኛ ምርታማነት ላይ ያለው ተጽዕኖ፤ በአርብ ገበያ እንደታየው

የመጠጥ ውሃ በሠራተኛ አፍ ገብቶ ሥራ ሆኖ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ ቢያንስ የምርታማነት ሊቃውንት እምነት ይህ ነው። የአዋቂ ሰው አካል 60 በመቶ ገደማ ውሃ በመሆኑ፣ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞቹ ሁሉ የተገኙ ዕለት ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ሁሉም የተገኙበት ዕለት ስላልታየ ግን ስሌቱ በተግባር አልተፈተነም።

የውሃ ማነስ ሰውን እንደሚያዳክም ጥርጥር የለውም። በአሜሪካ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ባወጧቸው ጥናቶች ወንዶች የክብደታቸውን 1.59 በመቶ፣ ሴቶች 1.36 በመቶ ያህል ውሃ ሲያጡ ምን እንደሚሆኑ አይተዋል። ወንዶቹ ንቃታቸው ቀነሰ፣ ደከሙም። ሴቶቹን ራሳቸውን አመማቸው፤ ሥራው ከበዳቸው፤ ልባቸውን መሰብሰብ ቸገራቸው። መስኮት ፊት ቆሞ የሚያውቅ ባለጉዳይ እነዚህን ምልክቶች ያለ ሐኪም እርዳታ ይለያቸዋል።

መጠኑን በተመለከተ «በቀን 8 ብርጭቆ» የሚለው ምክር በሰፊው ይሠራበታል። ሃይንዝ ቫልቲን የተባሉ የኩላሊት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2002 የምክሩን ሳይንሳዊ መሠረት ፈልገው አጥተውታል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ለወንድ 2.5፣ ለሴት 2 ሊትር በቂ ነው ሲል ምግብ ውስጥ ያለውንም ውሃ ቆጥሮ ነው። በዚህ አቆጣጠር ወጡ በሚቀጥንበት ሰሞን ሠራተኛው ብርጭቆ ሳይነካ ሊረካ ይችላል።

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በአንድ በኩል ከላይ ጋይንት፣ በሌላው ከስማዳ ይዋሰናል፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እያሽቆለቆለ ወርዶ በሽሎ ላይ ያበቃል። በሽሎ ትልቅ ወንዝ ነው። ሆኖም ወርዶ፣ ጠጥቶ፣ አቀበቱን ወጥቶ በሥራ ሰዓት ወንበሩ ላይ የሚገኝ ሠራተኛ ስለማይኖር ከጥናቱ ውጭ ሆኗል።

በቢሮ ውስጥ ውሃ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው በር ሥር የተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን ነው። ሁለተኛው የፋብሪካው ስም ምንም ሆነ ምን ሕዝቡ «ሃይላንድ» የሚለው የላስቲክ ጠርሙስ ነው። የታሸገ ውሃ በአዘቦት ቀን አይታይም፤ የሚወጣው ስብሰባ ሲኖር ነው። ያን ጊዜ በየተሰብሳቢው ፊት አንድ አንድ ግማሽ ሊትር ይቆማል፤ አንዳንዱም ሁለተኛውን ለቤቱ ይይዛል። ስለዚህ ሠራተኛው ውሃ አብዝቶ የሚጠጣው ሥራ በማይሠራበት ሰዓት ነው። በውሃና በሥራ መካከል ጠብ ያለ የሚመስለው በዚህ የተነሳ ነውና ጥፋቱን በውሃው ላይ መጣል አይገባም።

ስብሰባ በሌለበት ቀን ጀሪካኑ ባዶ ከሆነ ሠራተኛው «ውሃ ጠጥቼ ልምጣ» ብሎ ወደ ሻይ ቤት ይወጣል። ሻይ ቤት ገብቶ ውሃ ብቻ ጠጥቶ መውጣት ነውር ስለሆነ ሻይ ይታዘዛል። ሻይ ከታዘዘ የሚያውቁት ሰው ይመጣል፤ «በሞቴ አንድ ድገም» ይባላል፤ ሒሳብ ለመክፈል በሚደረገው ትግልም ጊዜ ይሄዳል። በዚህ መካከል ቢሮውን የሚጠብቀው ወንበር ላይ የተንጠለጠለው ጃኬት ነው። ጃኬት ውሃ አይጠማውም፤ ለሻይም አይወጣም። በሥራ ገበታ ላይ በመገኘት ረገድ ከባለቤቱ ይበልጣል።

የውሃን ተጽዕኖ በትክክል ለማወቅ የሚጠጣውን ከማይጠጣው ማነጻጸር ግድ ነው። በሌላ አገር ይህ በጀትና ፈቃደኛ ሰው ይጠይቃል። እዚህ ግን ሙከራውን ቤተ ክርስቲያን ከጥንት አዘጋጅታዋለች። ረቡዕና አርብ ጾም ነው፤ አጥብቆ የሚጾም ሰው እስከ 9 ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም። ማክሰኞና ሐሙስ ውሃው አይከለከልም። የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት 39 ሰዓት ይሠራል፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከዚያም ከ7:30 እስከ 11:30። አርብ ግን ለጁምዓ ሶላት ሲባል የጠዋቱ ሥራ 5:30 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ጿሚው ረቡዕ ከ8 የሥራ ሰዓት 5 ሰዓት ተኩሉን፣ አርብ ከ7ቱ 4 ሰዓት ተኩሉን በደረቅ ጉሮሮ ያሳልፋል።

በዚህ ላይ የአርብ ገበያው አለ። የገጠሩ ሰው ገበያና ጉዳይን ለይቶ ሁለት ጊዜ አይጓዝም፤ ፍየሉን ሸጦ፣ ጨውና ቡናውን ገዝቶ፣ የይዞታ ደብተሩን ነገር በዚያው ሊጨርስ ይመጣል። ባለጉዳይ የሚበዛበት ቀን እንግዲህ ሰዓቱ ያጠረበትና ሠራተኛው የተጠማበት ቀን ነው። ከ5:30 እስከ 7:30 ባለው ጊዜ ገበያው ይደምቃል፤ ሠራተኛውም በግ ዋጋ ሊጠይቅ ይወጣል። በ7:30 የሚመለሰው ሰው የደከመው በውሃ ጥም ይሁን በክርክር ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

ውጤቱ እንደሚከተለው ነው። ማክሰኞ ውሃ ተጠጥቶ፣ የባለጉዳዩ ፋይል ከመዝገብ ቤት አልወጣም። ረቡዕ ሳይጠጣ፣ አልወጣም። ሐሙስ ተጠጥቶ፣ አልወጣም። አርብ ሳይጠጣ ወጣ፤ የሚፈርሙት ግን ለስብሰባ ደብረ ታቦር ናቸው። ከዚህ ሁለት ድምዳሜ ይቻላል፤ ወይ ውሃ በምርታማነት ላይ ተጽዕኖ የለውም፣ ወይ ፋይሉ በውሃ የሚንቀሳቀስ ዓይነት አይደለም።

ጥርጣሬውን ሊያጠራ የሚችለው በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት የረቡዕና የአርብ ጾም ስለሚነሳ፣ ያው ሠራተኛ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ገበያ ቀን፣ ከጠዋት ጀምሮ ሊጠጣ ይችላል። ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ የትም አይገኝም። ሆኖም ሠርግ የሚበዛው በዚሁ ወቅት ነው። የሚነጻጸሩት ሠራተኞች ሚዜ ሆነው ሄደዋል፤ የሚጠጡትም ውሃ አይደለም።

የባለጉዳዩን ጥም ያጠና የለም። ከሌሊት ተነስቶ በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ከበሩ አጠገብ ሲቀመጥ ጥበቃው «አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎ?» ይለዋል።

«ጾመኛ ነኝ ልጄ። ፊርማዋን ብቻ።»

ከቢሮ ውጭ ነገሩ ሌላ ነው። ታች ጋይንት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ተጠቃሚው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል። ውሃ የሚያቆር ጉድጓድ የሚቆፍረው ሰው የሚጠጣውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። በደቦ ላይ ደግሞ ባለእርሻው ቅራሪና በጥባጭ በሶ ያቀርባል፤ ሳያቀርብ የቀረ በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ያጭዳል። በመጠጥና በምርታማነት መካከል ያለው ግንኙነት ከዚህ በግልጽ የታየበት ቦታ አልተገኘም፤ ቅራሪ በውሃ ሥር ይመደብ እንደሆነ ግን ሊቃውንት መወሰን አለባቸው።

የቢሮው ጀሪካን በራሱ አይሞላም። የምትሞላው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። 20 ሊትር ውሃ ያለ ጀሪካኑ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ከቦኖው እስከ ቢሮው በጀርባዋ ታመጣዋለች። ውሃ መቅዳት በሥራ መዘርዝሯ ላይ ስለሌለ የሄደችበት ጊዜ ከሥራ ገበታ እንደ መቅረት ይያዛል፤ ለሻይ የወጣው ሠራተኛ ግን ጃኬቱ ስላለ አለ። ወረፋ ከሌለ ጀሪካኑ እስኪሞላ በእፍኟ ትጠጣለች። በሥራ ላይ ውሃ መጠጣት በጥሬ ትርጉሙ የተመዘገበው በዚህ ቦታ ብቻ ነው።