ከፍራሽ ወደ ፈረስ

የአዲስ አበባ ሰው «ገንዳ» ሲባል አስቀድሞ አፍንጫውን ይይዛል። በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያና በኒው ሳውዝ ዌልስ ትንንሽ ከተሞች ግን መኪና አቁመው ወርደው ፎቶ የሚያነሱት ገንዳ አለ። መንገድ ዳር የተቀመጠ የኮንክሪት የፈረስ ማጠጫ ነው። ከኋላው ቀና ባለው ግንባሩ ላይ «የአኒስና የጆርጅ ቢልስ ስጦታ፣ አውስትራሊያ» የሚል ተጽፎበታል። አንዳንዱ ከጎኑ መሬት ጠጋ ያለች ትንሽ ገንዳ አለችው፤ እሷ የውሻ ናት። ፈረስ ሲጠጣ ውሻ ቆሞ እንዳያይ ታስቦበታል።

ጆርጅ ቢልስ እ.ኤ.አ. በ1859 እንግሊዝ አገር፣ ብራይተን ተወለዱ። ብሪዝበን ላይ ወፍ መነገድን ሞክረዋል። ሀብት ያፈሩት ግን ሲድኒ ውስጥ የሽቦ ፍራሽ በማምረት ነው። በ1927 ሲሞቱ ገንዘባቸው በአደራ ተቀምጦ፣ ለፈረሶችና ጠማኝ ብለው ለማይናገሩ እንስሳት ሁሉ የውሃ ገንዳ እንዲሠራበት ተናዘዙ። እንግዲህ ሰው ተመችቶት ጋደም ከሚልበት ሽቦ የተገኘ ገንዘብ፣ ቆሞ ለሚያንቀላፋ እንስሳ ዋለ ማለት ነው።

የገንዳው አሠራር ብልሃት አለው። በአንዱ ጫፍ፣ ከክዳን ሥር፣ እንደ ቤት የውሃ ታንከር ያለ ተንሳፋፊ ኳስ ተደብቋል። ፈረሱ ሲጠጣ ውሃው ይጎድላል፣ ኳሱ ይወርዳል፣ ቧንቧው ይከፈታል፤ ሲሞላ ራሱ ይዘጋል። ዘበኛም ውሃ ቀጅም አይፈልግም።

ችግሩ ጊዜው ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ 700 ያህል፣ ከባሕር ማዶ ደግሞ 50 ያህል ገንዳ ተተክሏል፤ አብዛኛው በ1930ዎቹ። ያኔ መንገዱን መኪና እየወረሰው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሰኛል።

ተረቱ ግን እዚህ ላይ በግማሽ ይስታል። ወተቱን፣ ዳቦውንና በረዶውን በየቤቱ የሚያዞረው ገና ጋሪ ነበር። የወተት ፈረስ ደግሞ መኪና የማይሆንለትን ያውቅበታል፦ ባለጋሪው ጠርሙስ ይዞ ወደ አንዱ በር ሲሮጥ፣ ፈረሱ ማንም ሳያዘው ወደሚቀጥለው ደንበኛ ደጃፍ ሄዶ ይጠብቀዋል። ይህን የሚያደርግ ሚኒባስ እስከ ዛሬ አልታየም። በ1940 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤንዚንን በራሽን ሲያደርገው ደግሞ መኪናው ሲቆም ፈረሱ እንደገና ከጋጣ ተጠራ፤ ገንዳውም ሥራ አልፈታም።

ዛሬ ከብዙዎቹ ውሃው ወጥቶ አፈር ገብቷል፤ አበባ ተተክሎባቸዋል። አበባ ክፉ ነገር አይደለም፤ የተጠማን እንግዳ በአበባ መቀበል ግን አያምርም። ውሃ ያልጎደለባቸውም አሉ፤ ጠጪዎቻቸው በአብዛኛው ከጌቶቻቸው ጋር ሊንሸራሸሩ የወጡ ውሾች ናቸው።

ከእነዚህ ገንዳዎች አንዱን ያገኘ ሰው ጽሑፉን ልብ ብሎ ያንብበው። የሚስትየዋ ስም ከባለገንዘቡ ይቀድማል። ወይዘሮ አኒስ ያረፉት በ1910፣ ባላቸው ከመሞታቸው 17 ዓመት ቀደም ብሎ ነው።