ከሶፋ ወደ ኪሊማንጃሮ፦ የበጎ አድራጎት ተራራ መውጣት በቤተሰብ ላይ ስለሚያደርሰው ከፍታ የቀረበ ጥናት

የበጎ አድራጎት ተራራ መውጣት በሁለት ቦታ የሚካሄድ ሥራ ነው። አንደኛው ተራራው ላይ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፣ ካርታ ተነሥቷል፣ ልዩ ጫማም ተሰፍቶለታል። ሁለተኛው የሚካሄደው ቤት ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ነው። ስለዚህኛው ሳይንስ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ሲሆን ናሙናው አንድ ቤተሰብ ነው፦ እናት፣ አባት፣ አያት፣ ጀርመን ያለች አክስት፣ ዱባይ ያለ የአጎት ልጅ፣ እንዲሁም ስልክ መያዝ የሚችል ዘመድ ሁሉ። ናሙናው ያንሳል የሚል ምሁር ቤቱን በዚያ ሰሞን አላየውም።

ተራራ ወጪው ወጣት ኑሮው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መጻሕፍት መግዣ ገንዘብ ሊያሰባስብ አሰበ፤ ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ስለሆነ በየሜትሩ አንድ ዶላር ብሎ 5,895 ዶላር ቆረጠ። አባት ይህን እንደሰሙ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጡ። የአውሮፕላኑን፣ የፓርክ መግቢያውን፣ የመሪውን፣ የአብሳዩን፣ የተሸካሚዎቹን፣ የጫማውን ደመሩና «ይኼንኑ ገንዘብ ዝም ብሎ ቢሰጣቸውስ?» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የእንግሊዝ ዘፋኞችና የቴሌቪዥን ሰዎች ኮሚክ ሪሊፍ ለተባለው በጎ አድራጎት ይህንኑ ተራራ ወጥተው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳስገኙ ተነገራቸው። «እነሱ ዘፋኞች ናቸው» ብለው ስሌቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ጥያቄው እስካሁን መልስ አላገኘም፤ አጥኚውም ሊሞክረው አልደፈረም።

ከዋሽንግተን ወደ ኪሊማንጃሮ የሚወስደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ በቦሌ በኩል ነው። ልጁ በጥምቀት ሰሞን ቦሌ አርፎ፣ ጥቂት ሰዓት እዚያው ውስጥ ተቀምጦ፣ ሳይወጣ ቀጠለ። እናት ይህን ከተራራው ሁሉ የከፋ አድርገው ነው የያዙት። «ልጄ በአናቴ ላይ አልፎ ሄደ» የሚለው ንግግራቸው በሰፈሩ ለቅሶ ቤቶች ሳይቀር ተሰምቷል። ቢሆንም በሰው በሰው ብለው ጋቢ አስገቡለት። ጋቢው ከመጨረሻዎቹ ሰፈሮች አንዱ እስከሆነው ባራፉ ድረስ፣ 4,600 ሜትር አልፎ እንደተጓዘ ፎቶ ያረጋግጣል። የተጓዘው በተሸካሚ ጭንቅላት ላይ ነው። ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይጭን ደንብ ስላለ፣ ጋቢው ሲገባ ሌላ ምን እንደወጣ ማወቅ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ከፍታው እንግባ። ልጁ የተነሣበት የማቻሜ በር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የእናት ቤት ያለበት ሽሮ ሜዳ ደግሞ እንጦጦ እግር ሥር ስለሆነ ከዚያም ከፍ ይላል። ስለዚህ ጉዞው በተጀመረበት ረፋድ ከልጁ ይልቅ ከፍ ብለው የተገኙት፣ ያለ ልዩ ጫማና ያለ መሪ፣ እናት ናቸው። ለዚህ ማንም አላጨበጨበላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1889 ጀርመናዊው ተራራ ወጪ ሃንስ ማየር ጫፉን ሲረግጥ ቤተሰቡ ወሬውን የሰማው ሰውየው ከወረደ በኋላ ነው። የዛሬው ቤተሰብ እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ታንዛኒያ ተራራው ላይ ፈጣን ኢንተርኔት ዘርግታለች። የእኛ ልጅም ያለበትን በሳተላይት እየቆጠረ የሚልክ መሣሪያ ይዟል፤ እሱ ካርታ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ነጥቡ ሲንቀሳቀስ ቤቱ ይተነፍሳል። ሲቆም ጀርመን ያለችው አክስት ትደውላለች። ነጥብ የሚቆመው ሰው ሽንት ሲሸናም እንደሆነ ለቤተሰብ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ቢያስረዱም «ይኼን ያህል ጊዜ?» የሚል አይጠፋም።

የጥናቱ ዋና ግኝት የተመዘገበው በሦስተኛው ቀን ነው። በማቻሜ መንገድ የሚሄድ ሰው ሰውነቱ ቀጭኑን አየር እንዲለምድ ቀን ወደ ላቫ ታወር፣ 4,600 ሜትር ገደማ፣ ወጥቶ ማታ ወደ ባራንኮ፣ 3,900 ገደማ፣ ወርዶ ያድራል። ከፍ ብሎ መዋል፣ ዝቅ ብሎ ማደር የሚባለው ነው። ቤት ውስጥ ይህን ያስረዳ አልነበረም። ነጥቡ ቁልቁል መንሸራተት እንደጀመረ ዱባይ ያለው ልጅ «ተመለሰ!!» ብሎ ቴሌግራም ላይ ለቀቀ። እናት እልል አሉ። ጎረቤት ተጠራ፣ ቡና ተፈላ፣ «ልቡና ሰጠልኝ» ተባለ፤ አባት እንኳ ፈገግ ብለው ታይተዋል። በማግስቱ ጠዋት ነጥቡ ባራንኮ ግድግዳ ላይ፣ በእጅም በእግርም በሚወጣው ገደል፣ ሲቧጥጥ ተገኘ። የጎረቤት ሴቶች የጠጡት ቡና በምን ሒሳብ እንደሚያዝ እስካሁን አልተወሰነም።

እናትን ያረጋጋው ከሳይንስ ወገን የመጣ ነገር አይደለም። ልጁ አንድ ማታ በድምፅ መልእክት፣ ሰፈር ሲደርሱ ሻይና ፈንዲሻ እንደሚቀርብላቸው ተናገረ። እውነት ነው፤ ኪሊማንጃሮ ላይ የተለመደ መስተንግዶ ነው፣ ቡናም በተራራው ግርጌ በሰፊው ይበቅላል። እናት መልእክቱን ደጋግመው ሰሙት። «ፈንዲሻ ካለማ ቡናም አለ፤ ሰው ቤት ነው ያለው» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሌሊት ተኙ። የሳተላይቱ መሣሪያ ዋጋ ከአንድ ስኒ ፈንዲሻ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ለአንባቢ እንተዋለን።

አያትን ለብቻ ማየት ያስፈልጋል። በወጣትነታቸው ለመስከረም 21 ግሼን ማርያም በእግራቸው፣ በሶ ቋጥረው፣ የደረሱ ሰው ናቸው፤ ዝቋላም ወጥተዋል። ስለ ልጁ ጉዞ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጫፉ ላይ የማን ታቦት ነው ያለው?» እንደሌለ ተነገራቸው። ምልክት የተጻፈበት ሰሌዳ ብቻ እንዳለ፣ ሰው እዚያ ፎቶ ተነሥቶ እንደሚወርድ ተብራራላቸው። «ሳይሳለሙ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ነጥቡን ለማየት አልፈለጉም፤ ስልኩ ሲዞርላቸው በእጃቸው ይመልሱት ነበር።

ወደ ጫፉ የሚነሡት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ታንዛኒያና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር መሪው «ስድስት ሰዓት» ሲል እናትም ስድስት ሰዓት ብለው ተነሡ። በሰዓቱ የተደናገረው ከዋሽንግተን የመጣው ልጅ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ የግማሹን ያህል ነው የሚሆነው፤ ሳሎኑ ውስጥም ከዚያ ብዙ የሚሻል አልነበረም፣ መስኮቱን «ብርድ ይገባል» ብለው ዘግተውታልና።

በዚያው ሌሊት ሁለተኛው የገንዘብ ማሰባሰብ ሥራ ይፋ ሆነ። እናት ለቁልቢ ገብርኤል ሲሳሉ ሰንብተዋል። መዝገቡን ስናየው ስለትና ከፍታ አብረው ሲወጡ እናገኛለን፦ ማቻሜ በር ላይ ጧፍ፣ ባራንኮ ግድግዳ ላይ ምንጣፍ፣ ባራፉ ላይ ባለ ዘርፍ ጥላ፣ ከጫፉ በታች የመጨረሻው ዳገት ላይ ወይፈን። ልጁ ነግቶ ሰሌዳውን ይዞ ፎቶ ተነሣና መውረድ ጀመረ፤ በዚያው ቀን 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ምዌካ ሰፈር ገባ። ስለቱ ግን እንደ ነዳጅ ዋጋ፣ አንዴ ከወጣ ወዲያ አልወረደም።

የተሳሉት እናት ናቸው፣ ከፋዩ ልጁ ነው። ይህ ለልጁ የተነገረው በመልሱ ቦሌ ላይ፣ በዚህኛው ጊዜ ወጥቶ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት መኪና ውስጥ እየተገፋ ሳለ ነው። ለመጻሕፍቱ ከተሰበሰበው ላይ መንካት እንደማይችል አስረዳ። እናትም ማንም ንካ እንዳላለው ገለጹለት፤ ደግሞም ስለቱ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በእግሩ መሄድንም እንደሚጨምር አከሉ፣ «አንተ እንደሆን መሄድ ትወዳለህ» በማለት። ዱባይ ያለው የአጎት ልጅ እዚያው በዚያው «ሐምሌ 19 ቁልቢ» የሚል ግሩፕ ከፍቶ የመዋጮ ዝርዝር ለጠፈ። በዝርዝሩ ራስ ላይ የአጥኚው ስም ስለተገኘ ከዚህ በኋላ ገለልተኛ ሆኖ መቀጠል አልተቻለም። የወይፈኑ ድርሻ ተከፍሏል፤ ጥላው ገና ነው።