ባለሁለት ዲፈረንሻል ጀብዱ

ከከተማ ለመሸሽ ከተማዋን ጭኖ መሄድ ፋሽን ሆኗል። ላንድክሩዘሩ ላይ ድንኳን፣ ማቀዝቀዣ፣ ጄኔሬተር፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ የክትፎው ቅቤ ሳይቀር ይጫንና ጉዞ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ። ከ2,300 ሜትር ከፍታ የወረደ ገላ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ጥላውም አያስጥለውም። ታዲያ ጀብደኛው ምን ያደርጋል? መስኮቱን ዘግቶ፣ ኤሲውን ለቆ፣ ተፈጥሮን በመስታወት ያደንቃል።

የአዋሽ ወንዝ አጠገቡ ነው፤ ግን አዞ አለበት። መታጠብ ካማረው ፓርኩ ውስጥ ፍልውሃ አለለት። በዚያ ሐሩር፣ ፍልውሃ! (ፈጣሪም ቀልድ ያውቃል።)

አንዳንዱማ ወንዙንም አያይም። አዋሽ እንኳ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ የእኛ ሰው መኪና ደግሞ አዋሽ ሳይደርስ አሸዋ ላይ። ባለሁለት ዲፈረንሻሉ ጎማውን እያሽከረከረ ጉድጓዱን ሲያጠልቅ፣ ግመል የሚነዳ የከረዩ እረኛ ቆም ብሎ ያያል። በትሩን ያስቀምጣል፤ ይገፋል። መኪናው ይወጣል።

ማታ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፦ «እኛና በረሃው፣ ብቻችንን!» እረኛውን ከጠርዙ ቆርጠው አውጥተውታል፤ ትከሻው ብቻ ቀርቷል።