በባሕር ሥር አልፎ ፈረስ ማየት፦ ቅድመ ጥናት

ሰው ፈረስ ለማየት አገር አቋርጦ የሚሄደው ለምንድን ነው? ጥያቄው በሊቃውንት ዘንድ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ይህ ጥናት ለናሙና የመረጠው ለንደን የሚኖሩ ሐበሻ ጓደኛሞችን ነው። ዓርብ ማታ ከሴንት ፓንክራስ ባቡር ተሳፍረው፣ በባሕር ሥር አልፈው፣ ፓሪስ ይገባሉ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ሁሉም «ለፈረሱ ነው» ብለዋል። መላምታችን ለፈረሱ አይደለም የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ፣ በእኛ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ግድም፣ እዚያው ፓሪስ፣ ሎንግሾ በተባለው ሜዳ ላይ የአርክ ደ ትሪዮምፍ የፈረስ ውድድር ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1920 የተጀመረ ነው፤ ርቀቱ 2,400 ሜትር፣ ጠቅላላ ሽልማቱ 5 ሚሊዮን ዩሮ። በ2011 ዴንድሪም የተባለች የሦስት ዓመት ባዝራ ክብረ ወሰን ስትሰብር የፈጀባት 2 ደቂቃ ከ24.49 ሰከንድ ነው። እንግዲህ ሁለት ሌሊት የሚታደረው ለዚህች ጊዜ ነው፤ እሷም ብትሆን ሙሉ በሙሉ አትታይም። ፈረሶቹ የሚነሡት ከሜዳው ማዶ፣ ከአሮጌው የነፋስ ወፍጮ አጠገብ ነው። ዳገቱን ይወጣሉ፤ ከትንሿ ደን ጋር ሲደርሱ ይሰወራሉ፤ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳሉ። ቀጥሎ ፈረንሳዮች «የውሸት ቀጥታ» የሚሉት መንገድ ይመጣል፤ ያለቀ ይመስላል እንጂ ገና አንድ ኩርባ ይቀረዋል። የናሙናችን አባላት ጩኸታቸውን አሟጠው የጨረሱት እዚህ ላይ ነው። እውነተኛው ቀጥታ ሲደርስ ድምፅ የቀረው ሰው አልነበረም።

በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ አንድ ፈረስ ዐዋቂ አይጠፋም። የእኛው ዕውቀቱን የወረሰው ጎጃም ውስጥ ፈረስ ከነበራቸው አያቱ ነው፤ ፈረሱን ግን አልደረሰበትም። ፈረሶቹ ከውድድሩ በፊት እየዞሩ በሚታዩበት ክብ ሜዳ ዳር ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ያቺን ዳማ እዩዋት! አረማመዷን!» አለ። ከሚዞሩት መካከል ዳማ ያልሆነ ፈለግን፤ አንድ አምባላይ ብቻ አገኘን። «የትኛዋን?» ሲባል «እሷን ነዋ!» አለ። በኋላ ፕሮግራሙ ሲታይ እሷ ወንድ ነበረች። ሁሉም ግን ተወራርደውባት ነበር።

(በነገራችን ላይ፣ በእኛ አገር ለሰውየው ስም የሚያወጣለት ፈረሱ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው ነው። ሎንግሾ ላይ የፈረሱን ስም ሁሉም ያውቃል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የጠየቀ ግን ከናሙናው ውስጥ አልተገኘም።)

ስለ ውርርዱ ጥቂት እንበል። ሥርዓቱን በ1860ዎቹ እዚያው ፓሪስ የፈለሰፈው ጆዜፍ ኦሌ የሚባል ሰው ነው። የሁሉም ገንዘብ አንድ ላይ ይጠራቀማል፤ አወራራጁና መንግሥት ድርሻቸውን ያነሣሉ፤ የቀረው ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል። እቁብ ይመስላል፤ በእቁብ ግን ተራ ይደርሳል። ይኸው ኦሌ በ1889 ከሸሪኩ ጋር ሙላን ሩዥ የተባለውን የጭፈራ ቤት ከፈተ። ስለዚህ አንደኛው ጓደኛ ቅዳሜ ማታ የት እንደጠፋ ሲጠየቅ «የውርርድን ታሪክ ሳጠና ነው» ማለቱ፣ ከምንጭ አጠቃቀም አንጻር ነቀፋ የለበትም።

ለፈረሱ ብቻ ብሎ የሚመጣ ሰው ፈጽሞ የለም ማለታችን አይደለም። በ2006 ዲፕ ኢምፓክት የተባለውን ፈረሳቸውን ለማየት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጃፓናውያን ሎንግሾ ገብተው ነበር። ገንዘባቸውን በእሱ ላይ ከማከማቸታቸው የተነሣ ቢያሸንፍ እንኳ የሚያስገኘው ትርፍ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሦስተኛ ወጣ፤ ቆይቶም በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ውጤቱ ተሰረዘ። ጃፓኖች አሁንም ይመጣሉ። ይህን ዓይነቱን ፍቅር ጥናታችን ሊያብራራ አልቻለም።

ሊያብራራ የሚችለው አስተባባሪውን ነው። አስተባባሪው ትኬቱን በሐምሌ ይቆርጣል፤ ሆቴሉን በራሱ ካርድ ይከፍላል፤ «አይዞህ፣ እንልክልሃለን» ይባላል። የውድድሩን ማብቂያ የሚያየው ወረፋ ላይ ሆኖ፣ በሰው ትከሻ መካከል፣ ለሌሎቹ ቢራ ይዞ ነው። ማክሰኞ ዕለት የባንክ ቁጥሩን በግሩፑ ላይ ይለጥፋል። የሚደርሰው ምላሽ አውራ ጣት ነው። በሳምንቱ ደግሞ ይለጥፋል፤ አንዱ የዳማዋን ፎቶ ይልክለታል።

ባለፈው ዓመት ፓሪስ ደርሰህ የሆቴል ድርሻህን ያልላክህ አንባቢ ካለህ፣ እባክህ ዛሬውኑ ላክ። የባንክ ቁጥሩ ግሩፑ ላይ አለ፤ ከፈረሱ ፎቶ ከፍ ብሎ።