የለም ተብሎ የተመለሰውን ማን ይቁጠረው?

«ሲስተሙ ነው ያዘዘው።» በመድኃኒት ስቶር ውስጥ የሠራ ሰው ይህን መልስ ስንት ጊዜ ሰምቷል! ሐኪሙ የልጆች አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ለምን እንዳልመጣ ሲጠይቅ ሲስተሙ አላዘዘም ይባላል። ኃላፊው ማንም የማይፈልገው ቅባት እስከ ኮሪደር ተደርድሮ ሲያይ ሲስተሙ አዞት ነው ይባላል። ኦዲተር መጥቶ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ዋጋ ሲደምር ግን ሲስተሙ አይጠየቅም፤ የሚፈርመው ስቶር ኪፐሩ ነው። በዚህ የተማረርነው ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ፣ በደጋንና በዙሪያዋ የምንሠራ ሰዎች ብቻ አይደለንም። የደሴም፣ የሐይቅም፣ የባቲም ባልደረቦቻችን ሲያገኙን ወሬያቸው ይኸው ነው። ሁላችንም ደክሞናል።

ሲጀመር ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ሲቋቋም፣ ቀጥሎም የተቀናጀው የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ሲዘረጋ፣ ጤና ጣቢያ ሁሉ በየፊናው ደብዳቤ እየጻፈ መለመኑ ቀርቶ ፍላጎቱ በቁጥር እንዲታወቅ ታሰበ። ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በየሁለት ወሩ እኛ አርአርኤፍ የምንለውን የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። በእጁ ሊኖር የሚገባው ከፍተኛ ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ነው፤ ወደ ግማሽ ወር ከወረደ ቀኑን ሳይጠብቅ በአስቸኳይ ይጠይቃል። ለጤና ኬላ ልኩ ያንሳል፤ ከፍተኛው 2 ወር፣ ዝቅተኛው 1 ወር፣ አስቸኳዩ አንድ ሳምንት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በቢን ካርድ፣ በገቢው ሞዴል 19 እና በወጪው ሞዴል 22 ስንሠራው ቆይተን ኮምፒዩተር መጣልን። ከመጡት ሶፍትዌሮች አንዱ ስሙን ያገኘው ከአፋር ጎረቤቶቻችን ወሬ የመለዋወጥ ባህል ነው፤ ዳጉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ተቀምጦ መደመር መቀነስ ቀረ። ማሽኑ ራሱ አስልቶ ይህን ያህል እዘዝ ይላል።

ምሬቱም የሚጀምረው ከዚሁ ስሌት ነው። በጊዜው መጀመሪያ የነበረው ከገባው ጋር ይደመራል፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ይቀነሳል፤ የተበላሸውና የተዋሰው ይስተካከላል። የሚገኘው የሁለት ወር ፍጆታ ይባላል። ያ በ2 ተባዝቶ የ4 ወር ይሆናል፤ በእጅ ያለው ከዚህ ተቀንሶ ልዩነቱ ይታዘዛል። እንግዲህ 120 ጠርሙስ ሽሮፕ ገባ እንበል። የጉንፋንና የሳንባ ምች ጊዜ ነውና በ20 ቀን አለቀ፤ የቀሩትን 40 ቀናት መደርደሪያው ባዶ ነበር። ማሽኑ የሚያየው ግን በሁለት ወር 120 ጠርሙስ እንደወጣ ነው። ስለዚህ 240 ያዛል። ያለቀበት ቀን ብዛት የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ አለ፤ 40 ተብሎ ቢሞላ ኖሮ 120 በ60 ተባዝቶ ለ20 ይካፈልና እውነተኛው የሁለት ወር ፍላጎት 360 ይሆን ነበር፤ ትእዛዙም 720። አንዲት ቁጥር ሳትሞላ በመቅረቷ የአካባቢው ሕፃናት ሊያገኙት ከሚገባው ሢሶው ብቻ ተጠየቀላቸው። ያም ተጠይቆ ሙሉ በሙሉ አይመጣም። ከ240ው 60 ብቻ ከመጣ በሚቀጥለው ዙር ፍጆታችን 60 ይሆናል፤ ማሽኑም 120 ያዛል። በየዙሩ እንዲህ እየኮሰመነ ይሄዳል። ከዚያ ሪፖርቱን ከላይ ሆኖ የሚያየው ባለሙያ በዚህ አካባቢ የሽሮፕ ፍላጎት እየቀነሰ ነው ብሎ ያምናል። ሽሮፕ አጥተው የተመለሱት እናቶች ግን እዚሁ ናቸው።

ከዚህም የሚብስ አለ። ስልሳውንም ቀን ያልነበረ መድኃኒት ፍጆታው ዜሮ ነው። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ስለሆነ ማሽኑ ምንም አያዝም። ያለቀበት ቀን 60 ተብሎ ቢሞላም ለማስተካከያ የሚሆን አንድም ቀን አይተርፍም፤ ለዜሮ አይካፈልም። ስለዚህ ጨርሶ የጠፋው መድኃኒት፣ ይበልጥ ሊጠየቅ የሚገባው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በራሱ ከዝርዝሩ ይወርዳል። ሰው ነቅቶ በእጁ ካላስገባው ማንም አያስታውሰውም። አዲስ የመጣ ስቶር ኪፐር ደግሞ ሲስተሙ ያልጠየቀውን እኔ ለምን እጠይቃለሁ ብሎ ይፈራል፤ እሱን ልንወቅሰው አንችልም።

መስኮቱ ላይ የሚቆመው ሰው ይህን ስሌት አያውቅም፤ የማወቅም ዕዳ የለበትም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ ይችው የወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ የወሎ ገበሬ ለመድን ገንዘብ ማዋጣትን ከብዙዎች ቀድሞ ያውቀዋል። ከማሳው ያገኘውን ሸጦ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። አንዲትን እናት «የለም እናቴ፣ ከውጭ ይግዙት» ስንላቸው «ልጄ፣ ከፍዬ የለም እንዴ?» ይላሉ። ከፍለዋል። ሌላ መልስ የለንም። ያዘኑትን እናት ሸኝተን ቀጣዩን እንጠራለን፤ መመለሳቸውም በማንኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የወጣ መድኃኒት ፊርማ አለው፤ ያልተሰጠ መድኃኒት ምንም የለውም። የማሽኑም ዋነኛ ጉድለት ይኸው ነው፤ የሚያውቀው የተሰጠውን ብቻ ነው።

መድኃኒት በብዛት የሚበላሸውም በዚሁ አቆጣጠር የተነሣ ነው። ብዙ ቦታ ሲስተሙ ሲዘጋጅ ከስቶር ወደ ዲስፔንሰሪ የወጣ ሁሉ በሽተኛ እንደወሰደው ተደርጎ ይቆጠራል። ዲስፔንሰሪው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሁለት ካርቶን ፍጆታ ሆኖ ይገባና እሱን የሚተካ ሌላ ይታዘዛል። ለጎረቤት ጤና ጣቢያ ያዋስነው መድኃኒት በውሰት ሳይሆን በወጪ ከተመዘገበም ያው ነው። ዘመቻ በነበረበት ወር የወጣው ብዛት አማካዩን ወደ ላይ ሰቅሎት ለወራት ይከርማል። መለኪያው ሲሳሳት ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። አንድ ፓኮ 10 ስትሪፕ፣ አንድ ስትሪፕ 10 ፍሬ ከሆነ፣ ገቢው በፓኮ ወጪው በፍሬ የተሞላ ካርድ መቶ እጥፍ ይዋሻል። ከዚያ በኋላ ኤክስፓየር ያደረገውን መድኃኒት ለይቶ፣ ቆጥሮ፣ ኮሚቴ አስፈርሞ እስኪወገድ ድረስ ማስቀመጥ የኛ ዕጣ ነው። በጠባብ ስቶር ውስጥ የሚወገደው የሚሰጠውን ቦታ ይይዝበታል።

ወባ ላይ ስንደርስ ነገሩ ያስለቅሳል። ይህ አካባቢ ከደሴ ብርድ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ቆላው የሚያዘነብል ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲያቁር ወባ ይነሣል። ዋናው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መሆኑን እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ማሽኑ ግን በነሐሴ መጨረሻ ሲያሰላ የሚያየው ሐምሌንና ነሐሴን ነው። በነዚያ ወራት ጥቂት በሽተኛ ስለነበረ ጥቂት ያዛል። ወረርሽኙ ሲመጣ ስቶሩ በሳምንታት ይራቆታል። ከዚያ በታኅሣሥ መጨረሻ ኅዳርንና ታኅሣሥን ቆጥሮ የወረርሽኙን ያህል ያዛል፤ ዕቃው የሚገባው ደረቁ ጥርና የካቲት ላይ ነው። ሁልጊዜ አንድ ወቅት ወደ ኋላ ነው።

የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም በአራት ዓይነት እሽግ እንደሚመጣ ባለሙያ ሁሉ ያውቃል፤ ለሕፃናት 6 ፍሬ፣ ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው። የአዋቂው እሽግ ሲያልቅ በሽተኛ መድኃኒት ሳያገኝ እንዳይመለስ አራት የሕፃን እሽግ ደምረን እንሰጣለን። ሕይወት ያድናል፤ ትክክል ነው። ማሽኑ ግን የሕፃናቱ ፍጆታ አሻቀበ፣ የአዋቂው ወረደ ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ዙር የሕፃን እሽግ ይከመራል፤ የአዋቂው ያጥራል፤ እኛም እንደገና አራት አራት እንደምራለን። ይህን ለማረም በአንድ ሕመም የሚሰጡትን እሽጎች በፍሬ አንድ ላይ ቆጥሮ በበሽተኛው ዕድሜና ክብደት መልሶ ማከፋፈል ይበቃል። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ይመስለኛል። የቸገረው እኛን የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

ነጋዴዎቹም ከዚህ አላመለጡም። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ አከፋፋዮች ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ለየዕቃው ዝቅተኛ ክምችትና የማዘዣ መጠን ሞልተው፣ ሲጎድል ዝርዝሩን አውጥተው ይገዛሉ። የረመዳንን ተምር ግን በአማካይ ማዘዝ አይቻልም። ጾሙ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ያለፈው ዓመት ያው ወር የዘንድሮን አይነግርም። በዚህ በኩል ነጋዴው ከኛ ይሻላል፤ ማሽኑ ያለውን ትቶ የራሱን የማዘዝ ሥልጣን አለው። እኛ ግን የወጣውን ቁጥር ብንቀይር ለምን ቀየራችሁ የሚል ጥያቄ ይከተለናል፤ ባንቀይር ማንም አይጠይቀንም። ስለዚህ ብዙ ሰው አይቀይርም።

መብራቱንና ኔትወርኩን ማንሣት አይቀርም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው በወረቀት ይሠራል። መብራቱ ሲመለስ የወረቀቱ ሁሉ ወደ ማሽን መግባት ነበረበት፤ የሚያስገባው ግን ያው በመስኮቱ በሽተኛ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ነው። ያልገባው ሳይገባ ቀርቶ ማሽኑ የሚያስበው ክምችትና መደርደሪያው ላይ ያለው ይለያያሉ። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ስክሪኑ ሙሉ ነው ብሎ ትእዛዝ የሚከለክልበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያርመው ቆጠራ ብቻ ነው፤ ለቆጠራ ደግሞ ጊዜም ሰውም አይመደብም። አስቸኳይ ትእዛዝ በግማሽ ወር ክምችት ይጀመር የሚለውም ቢሆን ዕቃው በዚያ ግማሽ ወር ውስጥ ይደርሳል ብሎ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ መኪና ሲጠፋ፣ ነዳጅ ሲያጥር የሁለት ሳምንት መድኃኒት የት ያደርሳል? የኛን መንገድ የማያውቅ ሰው የሞላው ቁጥር ነው።

እንዲህ ያለው ስሌት ለኛ ብቻ የመጣ አይደለም። ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ማዘዝ እንደሚያዋጣ የሚያሰላውን ቀመር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ቀመሩ ፍላጎት ሳይዋዥቅ አንድ ልክ ሆኖ ይቀጥላል፣ ዕቃውም በተባለው ጊዜ ይደርሳል ብሎ ይነሣል። ለፋብሪካ ብሎን ይህ ይሠራ ይሆናል። ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች መጠባበቂያን፣ ወቅትን፣ የመድረሻ ጊዜ መዋዠቅን የሚያካትቱ ብዙ መንገዶች አውጥተዋል። የኛ ምሬት እነዚያ መንገዶች እየታወቁ ሲስተሙ ውስጥ አለመግባታቸው ነው። ሲስተሙ ሲጫን ሥልጠናው ቁልፎቹን ያሳያል፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠኑ ከየት እንደመጣና መቼ መቀየር እንዳለበት ግን ሳይነገር ይታለፋል።

የኛ ወደ ድሮው እንመለስ የሚል እሮሮ አይደለም። ቢን ካርዱ ሲጠፋ፣ ሲርስ፣ ሲደለዝ ያየነው እኛው ነን፤ ማሽኑ የገላገለን ብዙ ጣጣ አለ። ኮምፒዩተሩ ይቁጠር፣ ይደምር፣ ያስታውስ። የሚያወጣው ቁጥር ግን ሐሳብ ሆኖ ለሰው ይቅረብ እንጂ ፍርድ አይሁን።

ሲስተሙን የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ ያለቀበት ቀን ብዛት ሳይሞላ ስሌቱ እንዳይወጣ አድርጉልን። ዜሮ ያሳየ መድኃኒት ሁሉ በቀይ ይምጣልን እንጂ አይሰወር። ለወባ ወቅት ልዩ መጠን የምንሞላበት ቦታ ስጡን። ቁጥር ስንቀይር ምክንያታችንን የምንጽፍበት መስመር ይኑር፤ ያን ምክንያት የሚያነብ ሰውም ይመደብ። ኃላፊዎቻችን ደግሞ በዓመት ጥቂት ቀን ስቶሩን ዘግተን የምንቆጥርበት ጊዜና ረዳት ፍቀዱልን። ሐኪሞቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ እንደሌለ ብታውቁም ማዘዣውን መጻፍ አትተዉ። ለበሽተኛው ከውጭ የሚገዛበትን ስትሰጡት ቅጂው በቀኑ መጨረሻ ለኛ ይድረሰን። ተደምሮ ከአርአርኤፉ ጋር እንልከዋለን።