የሰርቨር ክታብ

«የኮምፒውተር ሰው በጥንቆላ አያምንም» የሚል ሰው ኮንፊግ ስንገለብጥ አይቶን አያውቅም። ዌብሳይት ሰርቨር ላይ ለማውጣት የምንጠቀምባቸው አሥርና አሥራ አምስት መስመሮች ክታብ ናቸው፤ ማን እንደጻፋቸው አይታወቅም፣ ከአለቃ ወደ ምንዝር በቴሌግራም ይተላለፋሉ፣ ፈትቶ ውስጣቸውን የሚመረምር የለም። እኔም አንድ ፎልደር ሙሉ አለኝ፤ ስሙ «የሚሠሩ» ነው። አጠገቡ «የሚሠሩ አዲሱ» የሚል አለ፤ እሱ አይሠራም።

ከሁሉም ቁጡ ያምል የሚባለው ፋይል ነው። መስመር ለማስገባት ስፔስ ትተህ ታብ ከነካህ ያኮርፋል። ይህስ ይሁን፤ በቀድሞው ደንቡ የእንግሊዝኛውን «ኖ» ያለ ትእምርተ ጥቅስ ከጻፍክለት «ሐሰት» ብሎ ያነበዋል። በአገሮች መለያ ዝርዝር ላይ ደግሞ «ኖ» ማለት ኖርዌይ ናት። ስንቱ ፕሮግራመር አንዲት ሙሉ አገር «ሐሰት» ሆናበታለች፤ ነገሩም «የኖርዌይ ችግር» የሚል ስም ወጥቶለታል። የእኛ መለያ «ኢቲ» መሆኑ በጀን።

ከሰዓቱ ጣጣ ግን አላመለጥንም። ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው በዩቲሲ ነው፤ ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደኋላ። እኛ ደግሞ በላዩ ላይ የራሳችን አቆጣጠር አለን። አለቃ «ባክአፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይነሣ፣ ያን ጊዜ ሰው የለም» ይላል። ክሮን ላይ 8 ብሎ የጻፈ ልጅ ባክአፑን የሚያስነሳው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ ደንበኛ ሁሉ በተጋፋበት። ትክክለኛው 23 ነው፣ ያውም የዋዜማው። ይህን ለአለቃ ማስረዳት ሰርቨር ከመትከል ይከብዳል። «ስምንት ነው ያልኩት፤ ሃያ ሦስት ከየት መጣ?»

ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሊነክስን ኮድ እንዲይዝለት የሠራው ጊት ደግሞ አንዴ ያየውን አይረሳም። የዳታቤዝ ፓስወርድ ያለበትን ፋይል ኮሚት ያደረገ ሰው ይደነግጥና ፋይሉን ያጠፋል፤ መልእክቱ ላይም «ፓስወርዱን አጠፋሁ» ብሎ ይጽፋል። ሌባ ከዚህ የተሻለ ጠቋሚ አያገኝም፤ አንድ ኮሚት ወደኋላ ሄዶ ማንበብ ነው። ጊትኢግኖርም ቀድሞ የተመዘገበን ፋይል አያስወጣም። የሚያዋጣው ፓስወርዱን መቀየር ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይደፍርም፣ የት የት እንደተጻፈ የሚያውቅ የለማ።

በኢንጂንኤክስ ፋይላችን መካከል «ይህን መስመር አትንኩ» የሚል ኮሜንት ነበር። ለልምምድ የመጣች ልጅ «ጋሼ፣ ይቺ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

«ትጠብቀናለች።»

«ከምን?»

ዝም አልኩ። ልጅት ፈላልጋ ደረሰችበት፤ መስመሯ ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 የሚላከው ገጽ በጂዚፕ እንዳይታመቅ የምታዝ ናት። ብሮውዘሩ የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ልጅቷ አልተወለደችም።

«ምናልባት አንድ ሰው በሱ ቢመጣስ?» አልኩ።

«ከመጣ ቡና እጋብዘዋለሁ» አለችና አጠፋቻት። ፈተሸች፣ ሪሎድ አደረገች፤ ሳይቱ ንቅንቅ አላለም። ኮሜንቱን ግን ረሳችው። «አትንኩ» የሚለው ትእዛዝ አሁን ከሥር ባለችው መስመር ላይ አርፏል፤ ሰሞኑን አንዱ ሊያስተካክላት ገብቶ፣ ኮሜንቱን አይቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።