ስለ «በ»፦ መጠነኛ ጥናት

«በ» የሰውን ልጅ በዕድሜ ትበልጣለች። ይህ ግምት አይደለም። ኦሪት ዘፍጥረት በዕብራይስጡም፣ በግዕዙም፣ በአማርኛውም የሚጀምረው በዚህችው ፊደል ነው፤ ቁርኣን «ቢስሚላህ» ተብሎ ሲከፈትም ቀድማ የምትወጣው የዐረብ እህቷ ናት። ስለዚህ ብርሃን ከመፈጠሩ በፊት «በ» ነበረች ማለት ይቻላል። «በፊት» የሚለው ቃል ራሱ ያለ እሷ ስለማይቆም፣ ይህን ልቃወም ያለ ሰው ገና አፉን ሲከፍት ይረታል።

የሰዋስው ሰዎች መስተዋድድ ይሏታል። ብቻዋን ኖራ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከሌላ ቃል ጋር ተለጥፋ ነው። ጥናቷም የቆየ ነው። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1698 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ፣ ከአባ ጎርጎርዮስ በተማረው ነው። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. «የአማርኛ ሰዋስው»ን አወጣ። ቮልፍ ሌስላው በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ደግሞ ከ1,000 ገጽ ያልፋል፤ ለራስጌም ያገለግላል። ሊቃውንቱ የሠሩት ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህ ጥናት ግን የተካሄደው ማዕድ ላይ፣ ስልክ ላይና መስኮት ፊት ተሰልፎ ነው።

ከማዕዱ እንጀምር። «በእጅህ ብላ»፣ «በአዋዜ ብላ»፣ «በሞቴ ብላ»። ሦስቱም ቅርጻቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያውን፣ ሁለተኛው ማባያውን ይናገራል። ችግሩ ሦስተኛው ላይ ነው፤ የባለቤቲቱ ሞት መሣሪያ ነው ወይስ ማባያ? በቅርብ ሆኖ ለተመለከተው ሁኔታው እንዲህ ነው። እንግዳው «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እጁን ከትሪው ይሰበስባል። ባለቤቲቱ የዕንቁላል ቁራጭ ያለበት ጉርሻ ጠቅልላ ትነሣለች። ጉርሻው ከእንግዳው አፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ይቆማል፤ ወጡ በአንጓዋ መውረድ ይጀምራል። ያኔ «በሞቴ!» ይመጣል። እንግዳው አሁንም አፉን ካልከፈተ ለሰው ሕይወት ተጠያቂ ነው። ስለዚህ ይህችን «በ» ከመሣሪያ ወገን መመደብ ተገቢ ይመስላል፤ ያውም ከጦር መሣሪያ። ሁለተኛው ጉርሻ «በ» አያስፈልገውም፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል በሚለው ነባር ሕግ በራሱ ይፈጸማል።

የጊዜዋ «በ» ደግሞ ለአገሩ የቀጠሮ ባህል የዋለችው ውለታ ተነግሮ አያልቅም። «በሁለት ሰዓት እደርሳለሁ» ማለት ሰዓቱ ሁለት ሲል እደርሳለሁ ማለት ነው። ከአሁን ጀምሮ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል ማለትም ነው። አንድ ሰዓት ላይ ደውሎ እንዲህ ያለ ወዳጅ ሦስት ሰዓት ላይ ብቅ ቢል ሊወቀስ አይችልም፤ ሰዋስው ከእሱ ጋር ነው። አራት ሰዓት ላይ ከመጣ ነገሩ ከሰዋስው ወጥቶ ወደ ጠባይ ይገባል። እንግሊዞች ለአንደኛው «አት»፣ ለሌላው «ኢን» መድበው ስለለያዩአቸው ሲያረፍዱ የሚደገፉበት የላቸውም። የእኛ ተማሪ «አት»ን ለሰዓት፣ «ኦን»ን ለቀን፣ «ኢን»ን ለወር ሸምድዶ ፈተና ላይ የሚያደባልቃቸው ስንፍና ስለያዘው ላይሆን ይችላል። በሰዓትም፣ በቀንም፣ በወርም ያደገ ልጅ ነው።

ጎረቤት አለመቻሏንም መደበቅ አይገባም። «የአበበ ቤት» የሚለውን እንውሰድ። ቤቱ የአበበ ለመሆኑ ብቸኛዋ ማስረጃ «የ» ናት። «በ» በመጣች ጊዜ ግን «በአበበ ቤት» ይሆናል እንጂ ሁለቱ አብረው አይቆሙም። የባለቤትነት ማስረጃዋ ከቦታዋ ትነሣለች፤ ለተነሺዋም ምትክ አልተሰጠም። እርግጥ «ከ» እና «ለ»ም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ይህ ግን ቅጣት ማቅለያ አይሆንም።

እስካሁን ያየናት ስም ፊት ቆማ፣ በአደባባይ ነው። ዋናው ጠባይዋ የሚገለጠው ዞራ ግስ ጀርባ ስትገባ ነው። «ፈረደልኝ» እና «ፈረደብኝ» አንድ ዳኛ፣ አንድ ችሎትና አንድ ግስ አላቸው፤ አንዱን ተከራካሪ ወደ ቤቱ፣ ሌላውን ወደ ይግባኝ የሚልካቸው በ«ል» እና በ«ብ» መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጠበቆች የሚከራከሩት ስለዚህች አንዲት ፊደል መሆኑን ደንበኞቻቸው ቢያውቁ አበሉ ላይ ጥያቄ ያነሡ ነበር።

ዳኛስ ሰው ነው። «ነጋብኝ»፣ «መሸብኝ»፣ «ዘነበብኝ» የሚለውን ግን ምን እንበለው? ፀሐይዋ አዲስ አበባን በሙሉ ትታ ስትጠልቅ ከሳሹ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በደሉን በግሉ ተቀብሎታል። እንግሊዝኛም መኪናው ሲቆምበት «ኦን ሚ» እያለ በዚሁ መንገድ ጥቂት ይንፏቀቃል፤ ሲነጋበት ግን በቅሬታ አይነሣም። የእኛ ግስ ደግሞ ከሁለት ወገን የሚከበብበት ጊዜ አለ። ለወዳጁ ዋስ ሆኖ የፈረመ ሰው ባንኩ ሲጠራው «ምነው በቀረብኝ!» ይላል። ፊት አንዲት፣ ኋላ አንዲት፤ መሀል የቀረው «ቀረ» ብቻ ነው።

ሁለቱን ጠባዮቿን በአንድ ምሽት ማነጻጸር የሚፈልግ አጥኚ መብራት የሚጠፋበትን ሰፈር ይምረጥ። ምጣዱ ላይ የተዘረጋው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ መብራቱ ድርግም ይላል። ጋጋሪዋ አክምባሎውን እንደያዘች፣ «መብራት ጠፋብኝ፣ ምጣዱ ቀዘቀዘብኝ፣ ሊጡ ሊሆመጥጥብኝ ነው፣ ስልኬም ሊዘጋብኝ ነው!» ትላለች። በማግሥቱ ማስታወቂያ ይወጣል፦ «በተፈጠረ የቴክኒክ ብልሽት ምክንያት አገልግሎቱ የተቋረጠ በመሆኑ፣ ችግሩ በቅርቡ እስኪፈታ በትዕግሥት እንድትጠብቁ።» እዚያም አራት፣ እዚህም አራት። የጋጋሪዋ አራቱ ሁሉም ተበዳይ አላቸው፤ የማስታወቂያው አራቱ አንድም በዳይ የላቸውም። ብልሽቱን ማን እንደ ፈጠረው «በተፈጠረ» ውስጥ ገብቶ ተሰውሯል፤ «በመሆኑ» ደግሞ የሆነው ሁሉ ራሱ እንደ ሆነ ያስረዳል። «በቅርቡ»ን ከጊዜ ወገን እንዳንመድባት የትኛውም የዘመን አቆጣጠር አልተቀበላትም፤ በጎርጎርዮሳዊውም በእኛም ሞክረናል። ሁለቱ ንግግሮች አንድ ላይ ቢገጠሙም አድራጊ አይገኝም። ቋንቋው ግን ሙሉ ነው፤ ሰዋስው አልተጓደለበትም።

ለወደፊት አጥኚዎች የምንተወው ከባድ ጉዳይ «ተኛበት» ነው። አልጋ ላይ ሲሆን ቦታን ያመለክታል፤ አከራካሪ አይደለም። ፋይል ላይ ሲሆን ግን ቦታንም ጉዳትንም በአንድ ጊዜ ያመለክታል፤ ባለጉዳዩ «ተኙብኝ» ሲል በደሉን፣ ሠራተኛው ሲክድ ቦታውን ብቻ ይዘው ስለሆነ አይግባቡም። ይህን ለማጣራት ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ለፊት ተሰልፈን የሰማነው ቃል በቃል ይህን ይመስላል።

«አባቴ፣ ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው።»

«በማን በኩል ነው ያለው፣ ልጄ?»

«በሚመለከተው ክፍል በኩል።»

«እሱስ በየት በኩል ይገኛል?»

«በዚያ በኩል።» ወጣቱ በእስክሪብቶው ያመለከተው ወደ መውጫው በር ነው። ይህችኛዋ «በ» የአቅጣጫ ናት።